አክስትን ማን ይጠራታል?

ጥቅምት 3

ጋሼ፣

ደህና መሆንህን ከአባባ ሰማሁ እንጂ ካንተ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ሰላምታዬ ግማሹ ኩርፊያ ነው። ስደውል አታነሳም። መልእክት ስልክልህ በሁለት ቃል ትመልሳለህ። ከዚያ ዞር ብለህ ለአባባ "ይቺ ልጅ ምነው ጠፋች?" ትለዋለህ። ደብዳቤ ይሻለኛል ካልክ ይኸው ጻፍኩ፤ ረዘመብኝ ብለህ ግን እንዳታጉረመርም።

ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ እውነት ነው፤ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። አንተ ለቀህ ወደ ማስተማሩ ከሄድክ ወዲህ ያችን ፕሮግራም ያልነካካ እጅ የለም። ስትሄድ ሁለት ሜጋባይት ነበረች። አሁን ሠላሳ አንድ ገብታለች! ሣጥኖቹ ደግሞ ያው ስምንት እንጂ ከዚያ በላይ አይችሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሻሻለው ሁሉ እዚህ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቷል፤ ጤና ጣቢያ ያሉት ሣጥኖች ዛሬም የሚሠሩት ባንተው በአሮጌው ነው።

አዲሱን ኃላፊያችንን አታውቀውም። እኛ በጓዳ "አቶ ቀነ ገደብ" እንለዋለን፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ቀን ይቆርጣል። ትናንት ጠርቶኝ "ይህ ሣጥን ምንድን ነው የሚሠራው? ባጭሩ" አለኝ። "የክትባት ፍሪጅ ላይ ትለጠፋለች። አንድ መብራትና አንድ ጡሩምባ አላት። ፍሪጁ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ታበራለች፣ ከሞቀ ትጮኻለች። በቃ" አልኩት። "ታዲያ ለዚህ ሠላሳ አንድ ሜጋባይት ምን ያደርጋል?" አለኝ። እውነቱን ነዋ።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስምንት ውስጥ ካላስገባኋት አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ሣጥኖች ይነቀሉና የአንድ ኩባንያ አዲስ መሣሪያ ይተከላል ተብሏል። ያ መሣሪያ ኢንተርኔት ከሌለ ትንፍሽ አይልም። ከጤና ጣቢያዎቻችን ግማሾቹ ደግሞ ኢንተርኔትን የሚያውቁት በወሬ ነው። እና ጋሼ፣ አንተና እኔ አባባ ፍሪጅ መጠገኛ ሱቅ ጥግ ተኮራምተን የሠራናትን ነገር ሲጥሏት ቆሜ አላይም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የፕሮግራሟን ክፍሎች በዘመድ ስም ስትሰይም እየሳቅን ነበር፣ አልረሳሁም። አጎት ሙቀት ይለካል፤ አማት በሩ ተከፍቶ ከቆየ ትጮኻለች። "አክስት" ግን ምንድን ናት? እንድትሠራ የሚጠራት ሌላ ክፍል አላገኘሁም፤ ማብራሪያም አልጻፍክባት። እኔ ያኔ ሽቦ ስበይድ ነበር፣ የሷን ነገር አላውቅም።

አባባ ሰላም ይልሃል። ዓይኑ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ተሽሎት የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር እያነበበ ሰው ያሳቅቃል።

እህትህ ጢኖ


ጥቅምት 19

ለጢኖ፣ በኩርፊያ አንደኛ ለወጣችው፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል፤ እሱን ሳርም ነው የምውለው። አይ፣ በመልእክት ለጠየቅሽኝ ዘንድሮም ዕረፍት የለኝም፤ አባባን እንደምንም አባብዪልኝ።

ሥራው ለአንቺ መሰጠቱ ደስ ብሎኛል፤ ኮርቼብሻለሁ። ምክሬን ስሚ። መጀመሪያ የፕሮግራሟን የዘር ሐረግ ዛፍ በወረቀት አሳትሚው። ማን ማንን ይዞ እንደገባ ሳታውቂ መቀስ እንዳታነሺ። አንድ ላይብረሪ፣ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን ፕሮግራም፣ ስታስገቢ እሱ የሚፈልጋቸው ሌሎች ላይብረሪዎች ተከትለውት ይገባሉ፤ እነሱም የየራሳቸውን ይስባሉ። ከትልቁ ጀምሪ፣ በራስሽ ሃያ መስመር ልትጽፊው የምትችይውን ከሰው አትበደሪ። ከዚያ ማንም የማይጠራውን ክፍል የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ማን ማንን እንደሚጠራ አንድ በአንድ ይቆጥራል። እሱን ተጠቀሚ። ሰው ይረሳል፤ መሣሪያ አይረሳም።

ይህ አቶ ቀነ ገደብ ያልሽው ሰው ልቡ ወዴት ያጋደለ ይመስልሻል? ወደ ሣጥኑ ነው ወይስ ወደ ኩባንያው? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ጋሼ ሙት፣ ዛፉን ብታየው!

አሳተምኩት። ግድግዳው አልበቃው ብሎ በሩን አልፎ መስኮት ደረሰ። ጓደኞቼ ቡና ማሽኑ ጋ ለመሄድ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ።

የመጀመሪያውን ጉድ ልንገርህ። አንዱ የኛ ሰው ቀን ለመጻፍ ፈልጎ አንድ ላይብረሪ አስገብቷል። "ኅዳር 8" ለማለት! እሱ ላይብረሪ የዓለምን ሰዓት ሁሉ፣ የሁለት መቶ ቋንቋ የወር ስም፣ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ የቀን አቆጣጠር ሳይቀር ጭኖ ገብቷል። አንድ እንግዳ ጠርተህ ከነዘመድ አዝማዱ ከነአልጋው ደጅህ ሲቆም ማለት ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሥዕል የሚከፍት ላይብረሪ አገኘሁ። ስክሪን በሌላት ሣጥን! ማን እንዳስገባው ብጠይቅ ሁሉም ወደ ጣሪያ አየ። የቀኑን በአሥራ ስምንት መስመር ራሴ ጻፍኩት፣ የሥዕሉን አባረርኩት። ሠላሳ አንዱ አሥራ ሁለት ሆነ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስለ አቶ ቀነ ገደብ ለጠየቅከኝ፣ ኩባንያው ሁለት ጊዜ መጥቶ አነጋግሮታል። ኃላፊው ግን "ልጅቷ ከቻለች ሣጥኑ ይቆያል፣ ካልቻለች ይነሣል" ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ሁሉም ነገር በእኔ ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን አሥራ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። የቀረኝ ያንተ መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ለሣጥኗ ተተርጉሞ ሲታሸግ፣ ማንም የማይጠራቸውን ክፍሎች ይጥላል። ስልሳ ሦስት ክፍል አውጥቶልኛል፤ ከእነሱ አንዷ አክስት ናት። "ይህችን ተዋት" ብዬ አንድ መስመር ካልጻፍኩ ከሌሎቹ ጋር ትሄዳለች። የጻፍካት አንተ ነህና ደግሜ ልጠይቅህ፣ አክስትን ማን ይጠራታል? ባለፈው ረስተኸው ይሆናል።

ጢኖ


ኅዳር 20

ጢኖዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የሥዕሉን ነገር ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው፤ ክፍሉ ተናወጠ።

ስለ ክፍሎቹ ስም ያነሣሽው የድሮ ነገር ነው። ያኔ ነገሩ ሁሉ ሳቅ ነበር። አንቺ አሁን ተለማማጅ አይደለሽም፤ ባለሙያ ነሽ። ባለሙያ የሚሠራው በማስረጃ ነው። መሣሪያው ያለውን አይተሻል። ጥርጣሬ ካለሽ ፈትኚው። የፈተናውን ዝርዝር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሰባት ነው። በሩን ከፍተሽ ተዪው፣ የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ንቀዪው፣ ፍሪጁን ዝቅ አድርገሽ አቀዝቅዢው፣ እያለ ይሄዳል። ሰባቱን ካለፈች ፈርሚና አስረክቢ። እኔም ብሆን የማደርገው እሱኑ ነው።

የአባባን ቀዶ ሕክምና ቀን አለመገኘቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህን ንገሪው፤ በስልክ ማለት አቃተኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ጋሼ፣

ሰባቱንም አለፈች። በሚቀጥለው ሳምንት አስረክባለሁ። ሆዴ ግን እምቢ አለ፤ ሰላምታም ሳላበዛ አንዲት ነገር ብቻ፦ አክስትን ላውጣት? አዎ ወይም አይ በለኝ።

ጢኖ


ታኅሣሥ 19

ጢኖ፣

መሣሪያው ምን አለሽ? ፈተናውስ? እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ! አይዞሽ፣ በራስሽ ተማመኚ።

ወንድምሽ


ጥር 2

ጋሼዬ፣

ሰባት ነጥብ አራት! ሰምተሃል? ከሠላሳ አንድ ሰባት ነጥብ አራት! ከስልሳ ሦስቱ አንዱን እንኳ አልማርኩም። አቶ ቀነ ገደብ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና "ከቀኑ በፊት" አለ። ከሱ አፍ ይህ እንደ ሽልማት ነው። ሣጥኖቹ ይቆያሉ።

በሚሞሪ ካርድ ገልብጠን ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም ጤና ጣቢያዎች ላክን። መጀመሪያ የጫነችው ከወንዙ ማዶ ያለችው ሲስተር ናት፤ የጤና ጣቢያው ብቸኛ ነርስ እሷ ነች፤ ስንት ጊዜ በስልክ እየተሳሳቅን ችግር ፈትተናል መሰለህ። "እንግዲህ ልጄ፣ መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች እኔም አረንጓዴ ነኝ፤ ያንቺን ሣጥን ከባሌ ይልቅ አምናታለሁ" አለችኝ። ባሏ ከኋላ ሆኖ ሲስቅ ይሰማል።

በመልእክት ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ስምህን ጠቅሻለሁ። በርክክቡ ወረቀት ላይ "የፈተናው ዝርዝር የተዘጋጀው ሣጥኑን በሠራው ባለሙያ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለምን ደስ እንዳላለህ አልገባኝም። ሰው ሲመሰገን ይቆጣል እንዴ? አባባ እንኳ "ሁለቱ ልጆቼ" እያለ ደንበኛውን ሁሉ አሰልችቷል።

ጢኖ


የካቲት 3

ጋሼ፣

እንደምን ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ከወንዙ ማዶ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥር 24፣ ጠፍቶ እሑድ ተመለሰ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት። ጤና ጣቢያው ዝግ ነበር፣ ማንም አላየም። የሣጥኗ ባትሪ አራት ሰዓት ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ፍሪጁ ገና ሳይሞቅ ሣጥኗም ጠፋች። ክትባቱ ሞቀ። መብራት ሲመለስ ፍሪጁ እንደገና ቀዘቀዘ፣ ሣጥኗም ነቃች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ደህና ሆኖ አገኘችው። ሲስተር ሰኞ ስትገባ መብራቷ አረንጓዴ ነበረች።

አራት ቀን ሙሉ ያንን ክትባት ሰጥታለች። ስልሳ አራት ሕፃናት። አንድ ተቆጣጣሪ ሐሙስ ዕለት ሲመጣ ባለ ወፍጮው "ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሙሉ ቀን ቆመን ዋልን" ብሎ በጨዋታ መሃል ባያነሣው እስከ ዛሬም አይታወቅም ነበር። ክትባቱ የማይሠራ ውሃ ሆኗል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው እንደገና እንዲመጡ እየተለመኑ ነው፤ ግማሾቹ "ደግመን አናምናችሁም" ብለው በር ዘግተዋል።

ሲስተርን ከሥራ አግደዋታል። የመብራቱን መጥፋት ሳታጣራ ሰጠች ተብላ። "አረንጓዴ ነበረች" ትላለች፣ የሚሰማት የለም። የሚሰማት የሌለው ለምን እንደሆነ ልንገርህ? አጣሪዎቹ ፊት የተቀመጠው ማስረጃ የእኔ ፊርማ ነው። ሰባቱን ፈተና አልፋለች፣ ሣጥኗ እንከን የለባትም ብዬ የፈረምኩት።

አሮጌው ፕሮግራም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥመው ይጮኽ ነበር? ሲስተር "ድሮ መብራት ቆይቶ ሲመጣ ታንባርቅብኝ ነበር" ትለኛለች። እባክህ መልስልኝ። የፊታችን ሰኞ አጣሪዎቹ ሳይጠይቁኝ ማወቅ አለብኝ።

ጢኖ


የካቲት 11

እህቴ፣

በጣም አዝኛለሁ። ወዲያው ስላልመለስኩ ይቅርታ፣ ከከተማ ወጥቼ ነበር።

ነገሩን አታካብጂው። የሞተ ሰው የለም። ክትባቱ እንደገና ይሰጣል፣ ሲስተሯም ትንሽ ቆይታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሁሌም አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው አንቺ አለመሆንሽን አመስግኚ። ፊርማሽ ትክክል ነው፣ የተጻፈውን ፈትነሻል። ከተጠየቅሽው በላይ አትናገሪ።

ስለ አሮጌው የጠየቅሽኝን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ብዙ ዓመት ሆነው። ምናልባት እነዚህ ሣጥኖች ዕድሜያቸው አልቆ ይሆናል። ሁሉም ነገር ጊዜ አለው።

ከአሁን በኋላ ግን ይህን ነገር በጽሑፍ አንጻጻፍ። ደውዪልኝ፣ አነሣለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 19

ጋሼ፣

አልደውልም። ሁለት ዓመት ያላነሣኸውን ስልክ ዛሬ ለማንሣት የተጣደፍክበት ምክንያት ገብቶኛል።

በቅደም ተከተል ልንገርህ። የሲስተርን ሣጥን ራሴ ሄጄ ነቅዬ አመጣሁና ከፈትኳት። ውስጧ ቢሮ ካሉት መፈተኛ ሣጥኖች ላይ የሌለ አንድ ትንሽ ፋይል አገኘሁ። አንድ መስመር ብቻ ናት፦ "ከረጅም መጥፋት በኋላ፦ አክስት።" የአራት መቶ አሥራ ሁለቱን ሣጥኖች ፋይል በመጀመሪያው ተከላ በእጅህ የጫንከው አንተ ነህ። ፕሮግራሙ ሲነቃ ያችን መስመር አንብቦ አክስትን በስሟ ይጠራል። ስሟ ያለው ፋይሉ ላይ እንጂ ፕሮግራሙ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ መሣሪያው ሊያያት አይችልም። አክስት ስትጠራ ስንት ሰዓት ጠፍታ እንደቆየች ትቆጥራለች፣ ከበዛ "መድኃኒቱን አትስጡ" ብላ ትጮኻለች። እኔ ካወጣኋት በኋላ ፕሮግራሙ ይጠራታል፣ ያጣታል፣ ዝም ብሎ ያልፋል።

ለአባባ ነገርኩት። ፍሪጅ እየፈታ ነበር፣ መፍቻውን አስቀመጠ። "ፍሪጅ የሚዋሸው መብራት ሲመለስለት ነው። ይህን ለወንድምሽ የነገርኩት እኔ ነኝ። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈው። እንደ አክስታችሁ ናት ብሎ ሳቀ፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሳትጠራ መጥታ፣ ሁሉን ነካክታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ የምትጮኽ" አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ረስተኸው ነው ብዬ ላምንልህ ተዘጋጅቼ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ሰበብ የምፈልግልህ እኔ ነበርኩ!

ከዚያ ትናንት አቶ ቀነ ገደብ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ኩባንያው የራሱን መሣሪያ ከእኛ ሣጥን ጋር ያወዳደረበት ነው። መሳቢያው ውስጥ ከቶት ሳያነብበው ከርሟል። ሦስተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "አሮጌው ሣጥን በቅርቡ ከተደረገለት ቅነሳ ወዲህ ረጅም የመብራት መቋረጥ ሲያጋጥም የፍሪጁን መሞቅ አያሳውቅም።" የተጻፈው ጥር 9 ነው። መብራት የጠፋው ጥር 24።

ከሥሩ "የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ" ይልና ፊርማ አለ። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የውጤት ካርዴ ላይ ያንተን ፊርማ አስመስዬ ፈርሜ የተገረፍኩ ልጅ ነኝ። አልሳሳትም።

ተማሪ የለህም። የፈተና ወረቀት የለህም። በሥዕሉ ላይብረሪ የሳቀልህ ክፍል የለም። የአቶ ቀነ ገደብ ልብ ወዴት እንዳጋደለ ስትጠይቀኝ እኔ እንደ ጅል ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ ጋሼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሰባት ፈተና ቆጥረህ ስትልክልኝ ስምንተኛውን ታውቀው ነበር፤ ለይተህ አወጣኸው። ለሌላ ሰው ስትጽፈው ግን አንድ መስመር አልከበደህም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ስለ ሌላ ሰው ቤት ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለአጣሪዎቹ አንድ ገጽ ጻፍ። አክስት ምን እንደምትሠራና መውጣቷን ከጥር 9 በፊት እንዳወቅህ። ስለ እኔ የፈለግከውን ጨምር። ሲስተር አረንጓዴ አይታ ነው የሰጠችው፤ ይህን ሊያረጋግጥላት የሚችል ሰው አንተ ነህ። አጣሪዎቹ መጋቢት 1 ይወስናሉ።

እህትህ


የካቲት 24

ጢኖ፣

በምን አፌ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

አዎ፣ ኩባንያው ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከለቀቅኩ ጀምሮ። ለአባባ እንዴት ብዬ ልንገረው? የሠራነውን ሣጥን የሚያስነሡት ጋ ተቀጠርኩ ልበለው? ምስጢር ላለማውጣት ውል ፈርሜአለሁ፤ ስለ ሣጥኑ ለማንም እንዳልናገር ይከለክለኛል። ስትጠይቂኝ አዎም ማለት አልቻልኩም፣ አይም ማለት አልቻልኩም። እውነቱን ነው የምልሽ፣ አውጪያት አላልኩሽም። ደብዳቤዎቹን ደግመሽ አንብቢ፤ የትም ቦታ ላይ አላልኩም።

ወረቀቱ ጥር ውስጥ ሲደርሳቸው ያነቡታል፣ ሣጥኖቹን ያነሣሉ፣ አንድም ሰው ሳይጎዳ ያልቃል ብዬ ነበር። ኃላፊሽ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል ብዬ እንዴት ልገምት? የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ ይህን አምናለሁ።

አንድ ገጽ ጻፍ ያልሽኝን ግን አልችልም። ብጽፍ ከሥራ እባረራለሁ፣ ከዚያም በላይ እከሰሳለሁ። ልጄ ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ይህንንም ልነግራችሁ በጎ ቀን ስጠብቅ ነው የቀረው። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው እህቴ፤ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። እባክሽ እንዲህ አድርጊ። ክፍሏን ራስሽ በስህተት እንዳወጣሽ ጻፊ። ውሸት አይደለም፣ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። አንቺን ይወዱሻል፣ ልጅ ናት ብለው ያልፉሻል። ሲስተሯም ነፃ ትወጣለች። ሁላችንም እንተርፋለን።

ደብዳቤዎቼንም አጥፊልኝ። ስለ አባባ ብለሽ።

ወንድምሽ


መጋቢት 15

ወንድሜ፣

የጠየቅከኝን ግማሹን አድርጌልሃለሁ። "ያወጣኋት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። መብራት አጥፍቼ ሳልፈትን መፈረሜን ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ እውነት ነው። ሰባት ሲሉኝ ስምንተኛውን ራሴ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የፍሪጅ ጠጋኝ ልጅ ነኝ።

ደብዳቤዎቹን ግን አላጠፋሁም። የእኔንም ያንተንም፣ ከጥቅምት 3 ጀምሮ፣ በቀን ቀናቸው ደርድሬ ለአጣሪዎቹ ሰጠሁ። አውጪያት አላልኩሽም ያልክበትንም ጭምር። ደግመሽ አንብቢ ብለኸኝ የለ፣ ሁላችንም አነበብናቸው። ከመስጠቴ በፊት ለአባባ ነገርኩት፤ እንዲከለክለኝ እየተመኘሁ ነው የነገርኩት። "ለእኔ አንብቢልኝ" አለ። ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ። አነበብኩለት። የልጅህን ነገር ስደርስ "ሁለት ወር" አለ። የሱቁን በር ዘግቶ ወጣ፣ እኔም ከኋላው መከተል አልደፈርኩም።

ሲስተር ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። የመጀመሪያ ቀኗ ላይ አብሬያት ሄድኩ፤ እናቶቹን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄደን ለመንን። ከስልሳ አራቱ ሃምሳ ሰባቱ መጥተዋል። ሰባት ቀርተዋል። በእኔ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሣጥኗን ግን ካሁን በኋላ አላምናትም ብላኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤቱን እየጠየቀች ነው ፍሪጁን የምትከፍተው።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ለአንድ ዓመት ከመፈረም ታግጃለሁ። ይገባኛል። ያንተን ከሥራ መባረር ከሰው ነው የሰማሁት፤ አዝኛለሁ፣ ደስ አላለኝም። ልጁ ሲወለድ ለአባባ ንገረው፤ ለእኔ ባትነግረኝም ግድ የለም።

ለምን እንደዚህ ጨከንሽ ብለህ በሰው ልከህ ጠይቀኸኛል። ስለ ሲስተር ነው ብልህ ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ይህ ነው። በታኅሣሥ 19 በአንድ ቀን የመለስክልኝ ጊዜ በደስታ አልቅሻለሁ። ወንድሜ አልረሳኝም ብዬ። ያችን ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዤ ነው ያስረከብኩት።

ትናንት አክስትን መለስናት። ሌላ ሰው ፈረመበት፣ መብራቱን ግን አጥፍቼ ሃያ ሰዓት የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ስትነቃ እንዴት እንደጮኸች! ጓደኞቼ ጆሯቸውን ይዘው ሮጡ። ምን ያህል ቦታ እንደወሰደች ታውቅ ኖሯል? አርባ ኪሎባይት ናት። ሣጥኗ ውስጥ ከግማሽ ሜጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ተርፏል። ያ ሁሉ ቅነሳ ሲካሄድ እሷን ማውጣት ለአንዲት ቀን እንኳ አላስፈለገም ነበር። "ተያት" ብለህ ብትጽፍልኝ ሦስት ፊደል ነበር።

እህትህ